የጁሊ ምህረቱ ሸራ ከኦሎምፒያ ሲታይ

የጁሊ ምህረቱ ስም አዲስ አበባ ውስጥ ሲነሣ ቀድሞ የሚነሣው ዶላሩ ነው። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2023 ሶዝቢስ ሆንግ ኮንግ ላይ ለጨረታ ያቀረበው የ2001 ሥራዋ 9.3 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አወጣ። በቀጣዩ ወር ኒውዮርክ ላይ የ2008 ሸራዋ በ10.7 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ፤ በጊዜውም በአፍሪካ ምድር የተወለደ ሠዓሊ ሥራ በጨረታ ካወጣው ዋጋ ሁሉ የላቀ ሆነ። ዜናው በአማርኛም ተናኘ፣ ደስ አሰኘ፣ አለፈ። እነዚያ ሸራዎች ላይ ምን እንዳለና እንዴት እንደተሠሩ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው። እኔ ከዋጋው ይልቅ አሠራሩ ለከተማችን ይበልጥ ይጠቅማል ባይ ነኝ፤ በተለይም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ፈርሶ እንደገና እየተሠራ ላለው ለካዛንቺስና ለኦሎምፒያ አካባቢ። ረቂቅ ሥዕል ከገሃዱ ዓለም የሸሸ ጥበብ ነው የሚለው የቆየ ሐሜት በእርሷ ሥራ ላይ አይሠራም። የጁሊ ረቂቅነት የሚነሣው ከሰነድ ነው፤ ሰነዱ ከሌለ ሥዕሉም የለም።

ከአሠራሩ እንጀምር። እስከ 2010ዎቹ መጀመሪያ በሠራቻቸው ትልልቅ ሸራዎች (ዘመኖቹን የምጠቅሰው፣ ካልተለየ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) መጀመሪያ የሚመጣው የአርክቴክት ንድፍ ነው፤ የአውሮፕላን ማረፊያ፣ የስታዲየም፣ የአደባባይ፣ የመንግሥት ሕንፃ ፕላን። ንድፉ በፕሮጀክተር ሸራው ላይ ይበራና መስመሩ በቀጭን ጥቁር ቀለም ይገለበጣል። በላዩ ብርሃን የሚያሳልፍ አክሪሊክ ይለበጣል። ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ እጅ እስኪያንሸራትት ይለሰልሳል። በለሰለሰው ገጽ ላይ ደግሞ ከሌላ ከተማና ከሌላ ዘመን የመጣ ንድፍ ይገለበጣል፤ እንደገና ይለበጣል፣ እንደገና ይፋቃል። በየንብርብሩ መካከልና በመጨረሻው ገጽ ላይ የሠዓሊዋ የራሷ የእጅ ምልክቶች ይገባሉ፤ ጭረት፣ ነጥብ፣ ጠማማ መስመር፣ ጭስ የሚመስል ጥላ። ገና በጀማሪነቷ ዘመን እነዚህን ምልክቶች እንደ ሰው፣ እንደ ማኅበረሰብ ታያቸው እንደነበር ደጋግማ ተናግራለች። ሕንፃው ከስር ነው፣ ሕዝቡ ከላይ።

ውጤቱ ሁለት ርቀት ያለው ሥዕል ነው። ከሩቅ የቆመ ሰው የሚያየው ማዕበል ነው፤ የተበተነ፣ የሚሽከረከር፣ ስም የሌለው እንቅስቃሴ። አፍንጫውን አስጠግቶ የሚመለከት ግን መስኮት፣ ደረጃ፣ ዓምድ፣ ቅስት ያገኛል፤ እያንዳንዱም መሐንዲስ በማስመሪያ እንዳሰመረው ጥንቅቅ ያለ ነው። አንዱን ርቀት ትቶ ሌላውን ብቻ የያዘ ተመልካች ሥዕሉን ግማሹን ብቻ አይቷል። አክሪሊኩ ደግሞ ያሽጋል። የታችኛው መስመር በላዩ ስለተሠራበት ከእይታ ይርቃል እንጂ አይጠፋም፤ ሠዓሊዋ ልታጠፋው ብትፈልግ እንኳ እየፋቀች መውረድ አለባት፣ የፋቀችበትም ራሱ በገጹ ላይ ይታያል። በርሊን ይገኝ ለነበረው የዶይቸ ጉገንሃይም ሙዚየም በ2009 ካቀረበቻቸው ሥራዎች አንዱ የሆነው “ቫኔሸሬ” እንዲህ ተፍቆ መሃሉ የሳሳ ሸራ ነው። መሰረዝ በእርሷ ስቱዲዮ ሥራን ማረሚያ ብቻ ሳይሆን እንደ መስመርና እንደ ቀለም ራሱን የቻለ የሥዕል መሣሪያ ነው።

ከኦሎምፒያ ተነሥቶ በአፍሪካ ጎዳና ወደ ላይ የሚያቀና እግረኛ ብዙም ሳይቆይ መስቀል አደባባይ ይደርሳል። ይህ አደባባይ በጁሊ ምህረቱ ሸራ ውስጥ አለ። በ2012 ጀርመን ካሰል ላይ በዶኩሜንታ ዐውደ ርዕይ የቀረበው “ሞጋማ” አራት ክፍል ያለው ሥራ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ክፍል ቁመቱ አራት ሜትር ተኩል ያህል ነው። ስሙን ያገኘው ካይሮ ታህሪር አደባባይ ዳር ከቆመው ግዙፍ የመንግሥት ቢሮ ሕንፃ ነው። የአረብ አገሮች አመፅ በተቀጣጠለ ማግስት የተሠራ ስለሆነ ሠዓሊዋ ሕዝብ የሚሰበሰብባቸውን ቦታዎች ፕላን አንዱን በሌላው ላይ ደረበች፤ ታህሪር አለ፣ የኒውዮርኩ ዙኮቲ ፓርክ ዙሪያ ሕንፃዎች አሉ፣ የመስቀል አደባባይ የደረጃ እርከኖችም አሉ። አራቱ ክፍሎች ዛሬ በአራት ሙዚየሞች ተበትነዋል፤ ሦስተኛው ለንደን ቴት ዘንድ ነው። እንግዲህ ልብ እንበል። ሸራው ከተሠራ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ2015፣ የቀላል ባቡር ሐዲድ በአደባባዩ አለፈ። በ2021 አደባባዩ ታድሶ ከስሩ የመኪና ማቆሚያ ተሠራለት። በሸራው ውስጥ የታሸገው መስቀል አደባባይ ከባቡሩም ከመኪና ማቆሚያውም በፊት የነበረው ነው። ትርጉም የለውም እየተባለ የሚታማ ረቂቅ ሥዕል የከተማችንን አንድ ዘመን መስመር ይዞ በባሕር ማዶ ሙዚየሞች ተቀምጧል ማለት ነው።

ይህ አጋጣሚ ብቻ እንዳልሆነ የሚያሳየው “በርሊነር ፕሌትሰ” የተባለው ሥራዋ ነው። በርሊን ሳለች የሠራችው ይህ ሸራ በአብዛኛው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የወደሙ የጀርመን የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሕንፃዎችን የፊት ገጽታ በመስመር ብቻ ደርቦ የያዘ ነው። ቀለም የለውም ቢባል ይቀላል። ሕንፃዎቹ ግድግዳቸው ተነሥቶ አጥንታቸው ብቻ ቀርቷል፤ አንዱ በሌላው ውስጥ ስለሚታይ የትኛው ከፊት የትኛው ከኋላ እንደሆነ አይለይም። ፍርስራሽ፣ አቧራ፣ እሳት የለም። በቦምብ የተደመሰሰ ከተማን የሚስሉ ብዙዎች ጥፋቱን ይስላሉ፤ እርሷ የሳለችው የጠፋውን ነው። በእኔ አስተያየት አዲስ አበባ ከጁሊ ምህረቱ ልትማር የሚገባት ዋናው ነገር ይኸው ልዩነት ነው።

ከኦሎምፒያ በባምቢስ በኩል ወደ ካዛንቺስ የሚሄድ ሰው ዛሬ የሚያየውን ከአምስት ዓመት በፊት ከነበረው ጋር ያነጻጽር። በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች የተሠሩ ቤቶች፣ ከእነርሱ ጎን የተቀጠሉ የጭቃና የቆርቆሮ የቀበሌ ቤቶች፣ ምግብ ቤቶች፣ አዝማሪ ቤቶች፣ ከአዝማሪ ቤትነት ተነሥቶ ማዕከለ ሥዕል ያለው የባህል ማዕከል እስከመሆን የደረሰው ፈንዲቃ፤ ከእነዚህ አብዛኛው በእኛ አቆጣጠር በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ለኮሪደር ልማት ከቦታው ተነሥቷል። ነዋሪውም ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተዛውሯል። ሰፊ መንገድ፣ የእግረኛ መሄጃና የፍሳሽ መስመር ለከተማ አስፈላጊ መሆናቸውን የሚክድ የለም፤ ክርክሬም እዚያ ላይ አይደለም። የሚገርመው ግን በዚያው ሰሞን፣ በኦክቶበር 2024፣ እዚያው ካዛንቺስ ያለው የአፍሪካ አዳራሽ በ57 ሚሊዮን ዶላር ታድሶ ተመረቀ። 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነው የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕልም እንደገና አበራ። በአንድ ሰፈር፣ በአንድ ወቅት፣ አንዱ ትዝታ በታላቅ ጥንቃቄ ሲጠገን ሌላው በኤክስካቫተር ተጠረገ።

የመስታወቱን ነገር ያነሣሁት ጁሊ ምህረቱም በቅርቡ ወደ መስታወት ስለመጣች ነው። ቺካጎ ለሚገኘው የኦባማ ፕሬዚዳንታዊ ማዕከል የሠራችው የመስኮት ሥዕል 83 ጫማ ከፍታ ያለው ሲሆን በ35 መስታወቶች የተዋቀረ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ማሰብ በጁሊ ሥራ ላይ የሚነሣውን የመጀመሪያ ተቃውሞ በደንብ ያወጣዋል። የአፈወርቅ መስታወት ይናገራል፤ ዘንዶው ምን እንደሆነ፣ ችቦው ምን እንደሆነ፣ በባህል ልብሳቸው የቆሙት ሰዎች ማን እንደሆኑ ትምህርት ቤት ያልገባ ሰው እንኳ ይረዳዋል። የጁሊ ግን ዝም ይላል፣ ወይም በማናውቀው ቋንቋ ያጉረመርማል። ታዲያ ሕዝብ የማያነበው ሥዕል የሕዝብ ትዝታ ሊሆን ይችላል ወይ? ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ኮሎኝ ተምሮ ተመልሶ በ1963 አዲስ አበባ ላይ ዐውደ ርዕዩን ሲያሳይ የገጠመው ይኸው ነበር፤ ባዕድ ነው፣ አይገባም፣ ከእኛ ሥዕል ጋር ምን አገናኘው ተባለ። ሁለት ዓመት ቆይቶ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማትን ሲቀበል ክርክሩ የበረደ መሰለ እንጂ አልተፈታም።

መልሴ በከፊል መስማማት ነው። የአፈወርቅ መስታወት ለተሠራበት ዓላማ፣ በ1961 ለተከፈተና የነጻነት ዘመን መሪዎች ለሚሰበሰቡበት አዳራሽ፣ ግልጽ መሆን ነበረበት። ትናንት ጨለማ፣ ነገ ብርሃን፤ አቅጣጫው አንድ ነው። ችግሩ የከተማ ታሪክ እንዲህ አንድ አቅጣጫ ይዞ አለመሄዱ ነው። ካዛንቺስ ውስጥ የወራሪ መንግሥት ያሠራው ቤት በኋላ የቀበሌ ሆነ፣ ተከፋፈለ፣ ጓዳው ሱቅ ሆነ፣ በረንዳው መኝታ ቤት ሆነ፣ ግቢው የአምስት ቤተሰብ ሆነ። ይህን በዘንዶና በችቦ መናገር አይቻልም። ማን ክፉ ማን ደግ እንደሆነ ሳይበይን፣ አንዱ ሕይወት በሌላው ላይ እንደተደረበ የሚያሳይ ሥዕል ያስፈልጋል፤ የንብርብር አሠራር የሚችለውም ይህንኑ ነው። አይገባም የሚለው ስሞታ ብዙ ጊዜ ሰው ሥዕሉን ከቆመበት ርቀት የሚመጣ ይመስለኛል፤ ቀረብ ብሎ ቅስቱንና ደረጃውን ላገኘ ሰው ነገሩ እንቆቅልሽነቱ ይቀንሳል።

የእኛ አይደለችም የሚለውን ሁለተኛ ተቃውሞ በአጭሩ ላልፈው። ጁሊ አዲስ አበባ በ1970 ተወልዳ በ1977 ቤተሰቧ ከአብዮቱ መዓት ሸሽቶ ሚሺጋን ገብቷል። እናቷ አሜሪካዊት ናቸው፤ አባቷ ፕሮፌሰር አሰፋ ምህረቱ በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚ ጂኦግራፊ ያስተማሩ ምሁር ናቸው። የካርታ ፍቅሯን ከአባቷ ሙያ ጋር ማያያዝ የሚወዱ አሉ፤ ነገሩ ያሳምናል፣ ግን ሥዕሉን በዘር ሐረግ ማስረዳት ብዙ ርቀት አያስኬድም። የእኛ ናት አይደለችም የሚለው ክርክር ለፓስፖርት እንጂ ለአሠራር አይሆንም። ዘይት ቀለምም ሸራም ከውጭ ነው የመጣው። የምንጠይቀው ዘዴው እዚህ ይሠራል ወይ የሚለውን ነው።

ከዚህ ይልቅ የሚከብደኝ የገንዘቡ ተቃውሞ ነው። ኒውዮርክ ለጎልድማን ሳክስ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት በ2009 ያጠናቀቀችው “ሙራል” 80 ጫማ ርዝመትና 23 ጫማ ቁመት አለው፤ የአምስት ሚሊዮን ዶላር ሥራ ነበር። ዓለምን ያናወጠው የገንዘብ ቀውስ ገና ትኩስ በነበረበት ሰዓት ለባንክ ሎቢ የንግድንና የገበያን ታሪክ መሳል ጥያቄ ማስነሣቱ ተገቢ ነው፤ የተሰጡት መልሶችም ሙሉ በሙሉ አያረኩም። ስለ ስቱዲዮው ግን የሚያስተምር ነገር አለው። ከክፍያው አምስት እጅ አራቱ ያህል ለሥራው ወጪ የዋለ ሲሆን፣ እስከ 30 የሚደርሱ ረዳቶችም ተሳትፈውበታል። ታዲያ የማን ሥዕል ነው የሚል ካለ፣ ቤተ ክርስቲያን የሣለ የጎንደር መምህር ከደቀ መዛሙርቱ ጋር እንደሠራ፣ የአፍሪካ አዳራሽን መስታወትም የሠሩት የፈረንሳይ ባለሙያዎች እንደሆኑ ያስታውስ። ንድፍ መገልበጥ፣ መለበጥና መፋቅ ተከፋፍሎ የሚሠራ ሥራ ነው። ምልክቱ የት እንደሚያርፍ መወሰንና እጅን ማሳረፍ ግን አይከፋፈልም። በዚህ ስቱዲዮ የሥራ ክፍፍሉና የሥዕሉ ትርጉም ይገጣጠማሉ፤ ከስር ያለው የብዙ ሰው፣ የማይታወቅ እጅ ሥራ ነው።

ከሁሉም ተቃውሞ ብርቱው ከራሷ ሥራ የሚመጣው ነው። ከ2010ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ጁሊ ንድፉን ትታዋለች ማለት ይቻላል። አሁን ከስር የምታስቀምጠው የዜና ፎቶግራፍ ነው፤ በኮምፒውተር እስኪደበዝዝ ድረስ ይታሻል፣ ይገለበጣል፣ ቀለሙ ይቀየራል፣ ከዚያ በሸራው ላይ በሚረጭ ቀለምና በስክሪን ፕሪንት ይተኛል። በ2014 ፈርገሰን ከተማ ጥቁሩ ወጣት ማይክል ብራውን በፖሊስ ከተገደለ በኋላ ከተነሡ ፎቶዎች የተነሣ ሸራ አላት። ሳን ፍራንሲስኮ ሙዚየም አዳራሽ ውስጥ የተሰቀሉት “ሃውል፣ ኢዮን” የተባሉት ሁለቱ ግዙፍ ሸራዎች፣ እያንዳንዳቸው 27 በ32 ጫማ፣ የ19ኛውን ክፍለ ዘመን የአሜሪካ መልክዐ ምድር ሥዕሎች ከዘመናችን የጎዳና ተቃውሞ ፎቶዎች ጋር አደባልቀው የያዙ ናቸው። የተሠሩትም ሃርለም ውስጥ አገልግሎት ባቆመ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ሌላ ስቱዲዮ አልበቃቸውም። እዚህ ላይ ተቺው “ሰነዱ እስከዚህ ከደበዘዘ ሰነድነቱ የት አለ?” ቢል ትክክል ነው። እኔም የ“ሞጋማ”ን ዘመን እመርጣለሁ። በኋለኞቹ ሸራዎች ከስር ምን እንዳለ የሚነግረን ሥዕሉ ሳይሆን ግድግዳው ላይ የተለጠፈው መግለጫ ነው፤ መግለጫውን ያላነበበ ሰው የሚያየው የሚያምር ጭጋግ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም መነሻው አልተለወጠም። ፈርገሰን ባይሆን፣ ፎቶ አንሺው እዚያ ባይቆም፣ ያ የቀለም ጭጋግ አይኖርም ነበር። የተለወጠው የሰነዱ ዓይነት ነው።

የፈረሰ ሰፈርን በሚያምር ሸራ ማሰብ ቁስልን በጌጥ መሸፈን አይሆንም ወይ የሚል የሥነ ምግባር ጥያቄም አለ። ይሆናል። ሸራ ለማንም ቤት አይመልስም፤ በሸራ ምክንያት ጉዳዩ እንደተዘጋ የሚያስብ ካለ ተሳስቷል። ይህ ጥያቄ ግን ወደ አንድ ሰፊ ቀዳዳ ይመራናል፤ ጽሑፉን ለመጻፍ ያነሣሣኝም እርሱ ነው። የጁሊ ዘዴ ንድፍ ላለው ሕንፃ ብቻ የሚሠራ ነው። ስታዲየም ንድፍ አለው፣ አየር ማረፊያ ንድፍ አለው፣ የወደሙት የጀርመን ሕንፃዎች ንድፍ ነበራቸው፤ ቦምብ ሲያፈርሳቸው ወረቀቱ ተረፈ። የአፍሪካ አዳራሽም የአርክቴክቱ የአርቱሮ መዘዲሚ ንድፍ አለው። የካዛንቺስ የጭቃ ቤት ግን ማን ነደፈው? ባለቤቱ በእርምጃ ለክቶ፣ አናጢው በዓይኑ አስተካክሎ፣ ጎረቤት ምራጊውን አግዞ የቆመ ነው። አንድ ክፍል ሲቀጠልበትም ወረቀት አልነበረውም። እንዲህ ያለ ሰፈር ሲፈርስ የመጨረሻ ማስረጃው ራሱ ግድግዳው ነው። ስለዚህ ነገ አንዲት የአዲስ አበባ ሠዓሊ “በርሊነር ፕሌትሰ”ን የሚመስል ሥራ ስለ ካዛንቺስ ልሥራ ብትል፣ ከሸራም ከቀለምም በፊት የሚጎድላት የታችኛው ንብርብር ነው።

ካለ ነገር ተነሥቶ ረቂቅ ሥራ ለማውጣት እኛው ጋር ያለ ምሳሌ ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ ነው። “ታይት ሮፕ” በተሰኙት ተከታታይ ሥራዎቹ ከመርካቶ የተገዙ የተጣሉ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎችን፣ የሽቦ ገመዶችንና የኮምፒውተር ሰሌዳዎችን በጣውላ ላይ አሰካክቶ ከሩቅ የእርሻ ማሳ ወይም ከተማ የሚመስል ረቂቅ ሥራ አውጥቷል። ትልቅነቱን ያገኘው ትንንሽ ሰሌዳዎችን በመገጣጠም ስለሆነ ቤተ ክርስቲያን የሚያህል ስቱዲዮ አላስፈለገውም። የእርሱም ረቂቅነት የሚነሣው አንድ ሰው በእጁ ከነካው፣ ከተደወለበት፣ ከተሰበረ ዕቃ ነው። ሁለቱ ሠዓሊዎች በስልት ቢራራቁም በዚህ ይገናኛሉ፤ የሚሠሩት ካለ ነገር ነው። የመርካቶው ምናለሽ ተራ እስካለ ድረስ ኤልያስ ዕቃ አያጣም። የሰፈር መስመር ግን የሚሸጥበት ተራ የለም።

እንግዲህ ጥሪዬ ይህ ነው። የከተማው አስተዳደር የሚፈርስ ሰፈር ምልክት ሲደረግበት፣ ቡልዶዘሩ ከመግባቱ በፊት፣ የቀበሌውን የጭቃ ቤት ሳይንቅ ግቢ በግቢ ያስለካ፣ ያስነድፍ፣ ፎቶ ያስነሣ። ልደታ ያለው የሥነ ሕንፃ ኢንስቲትዩት ቤት መለካትና መንደፍ የሚችሉ ተማሪዎች አሉት፤ ሥራውም ለአንድ ሰፈር የጥቂት ሳምንታት ጊዜ ቢወስድ እንጂ የልማቱን በጀት አይነካም። የተሰበሰበውም በመሥሪያ ቤት መሳቢያ ሳይቆለፍ ለሠዓሊ፣ ለጸሐፊ፣ ለተነሡት ነዋሪዎች ክፍት ይሁን። ስድስት ኪሎ ያለው የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል፣ በ2016 የጁሊ ምህረቱን ሥራዎች ተቀብሎ ያሳየው ሙዚየም፣ ለዚህ ክምችት የሚመጥን ቤት ነው። ካዛንቺስ በአብዛኛው አምልጦናል፤ ገና ምልክት ያልተደረገባቸው ሰፈሮች ግን አሉ፣ ልኬቱም ከእነርሱ ይጀመር።